የሹፌሯ አጎት

ጥር 3 ቀን

ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ፣

ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ፣ ከሁሉም በላይ ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ሰዓቶችዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ከናፍቆትዎ በስተቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

አንድ ወሬ አለኝና ቆመው ከሆነ ይቀመጡ። መፍቻውንም ከእጅዎ ያስቀምጡት።

ስድስት ዓመት ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ይዤ ከገበያ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ገበያ፣ እንደ ደቂቃ ቆጣሪ እዚያው በዚያው ስዞር ኖሬ በመጨረሻ ረጅሙን መስመር ሰጡኝ! ድንበሩን ከተሻገሩ ከሦስት ሰዓት መንገድ በኋላ የሚገኘውን የመሃሉን ከተማ ያውቁታል፣ እቃ ስልክልዎ የሚያድርበትን። ከዚያ ተነሥቶ እኔ እስካለሁበት ድረስ፣ አሥር ሰዓት ሙሉ የሚነዳ መንገድ ነው። በዚህ መስመር ላይ ሴት ሹፌር ስትቀመጥ እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ። ረዳቴ ሲሰማ "እስቲ እናያለን" አለ። "ታያለህ" አልኩት።

የመጀመሪያው ጉዞዬ የካቲት 28 ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጉዞዎች ፈተና ናቸው። ያለ በቂ ምክንያት ከሰዓቱ አሳልፌ ከተነሣሁ፣ ተመልሼ ገበያና ሆስፒታል ነው።

እና አጎቴ፣ ልመናዬ ይህ ነው። ከሹፌሩ ጀርባ ያለችው አንደኛዋ ወንበር የእርስዎ ናት። ከዚያ እስከ መሃሉ ከተማ አንድ ቀን በአውቶቡስ ይመጣሉ፣ ያድራሉ፣ ጠዋት እኔ ጋ ይሳፈራሉ። ከገበያው አልፈው በመኪና ሄደው እንደማያውቁ አውቃለሁ። ግን ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስነዳ ከኋላዬ የሚቀመጠው ሌላ ማን ሊሆን ነው?

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ከቤት ስወጣ እኔም የተቀመጥኩት አንደኛዋ ወንበር ላይ ነበር። ከዚያች ወንበር መናኸሪያው በሙሉ ይታያል፤ ማን እንደመጣ፣ ማን እንዳልመጣ። በሉ፣ መልስዎን እጠብቃለሁ።

የእርስዎው ችኩሌ

*

ጥር 21 ቀን

ይድረስ ለልጄ ለችኩሌ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ እጅሽ ከመሪው፣ እግርሽ ከፍሬኑ አይለይ። እኔ ደህና ነኝ። ሰዓቶቹም ደህና ናቸው፣ ከመድኃኒት ቤቱ ሰዓት በስተቀር። እሱም የታመመው ባለቤቱ ልወልውለው ብሎ ስለነካካው ነው። ሰው ሁሉ ሰዓት ሠሪ ነኝ ይላል።

ወሬሽን ለጎረቤቴ ለጫማ ሰፊው አነበብኩለት። እሱ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ አነበበው፣ ማንበብ ባይችልም። አርባ ዓመት "ጋሽ ደቂቃ" ሲሉኝ የኖሩ ሰዎች በአንድ ሳምንት ስሜን ለውጠው "የሹፌሯ አጎት" ብለውኝ አረፉ። ደስ አለኝ። ምን እደብቅሻለሁ፣ ሱቁን ዘግቼ ነው ያለቀስኩት።

መምጣቱን በተመለከተ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራ በዝቶብኛል። የትምህርት ቤቱ ሰዓት ቆሟል፣ ተማሪዎቹ ደወል ሲጠብቁ እየመሸባቸው ነው። ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። ሆዴም አለ፤ ሆዴ መንገድ አይወድም። ደግሞ አውቶቡስ የሚባል ፍጥረት ሰዓት አያከብርም። አንቺ የሄድሽበት እንኳ አሥር ደቂቃ አልፎት ነው የተነሣው። ሰዓት ከማያከብር ጋር መንገድ አልጀምርም።

ጫማ ሰፊው እንደነገረኝ ከሆነ በሩቅ አገር አውቶቡስ ውስጥ ሰው በመስኮት ይጣላል፤ አንዱ ክፈት፣ አንዱ ዝጋ። የማታውቂው ሰው መጥቶ ትከሻሽ ላይ ይተኛል። እሱ ራሱ ሄዶ አያውቅም፣ ግን አጥብቆ ሰምቷል።

እንዲያው ፎቶግራፍ ብትልኪልኝስ? መሪውን ጨብጠሽ ተነሺና ከትልቁ ሰዓት ሥር እሰቅለዋለሁ። እግረ መንገድሽን የሰዓት ዘይት እዚያ ጥሩው ይገኛል ይባላል፤ አንዲት ብልቃጥ ብትጨምሪበት።

አጎትሽ

*

ጥር 30 ቀን

ለማከብርዎ አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው፣ ተቆጥቻለሁ።

ጉልበትዎ ከመቼ ወዲህ ነው የታመመው? ባለፈው ወር "መሰላል ላይ ወጥቼ የማዘጋጃ ቤቱን ሰዓት በትከሻዬ አወረድኩት" ብለው የጻፉልኝ ማን ናቸው? ለመሰላሉ የሚታዘዝ ጉልበት ለእኔ ሲሆን አመመው? ሆድዎም ቢሆን ድንጋይ ፈጭቶ የሚያድር ሆድ ነው፣ የእኔን የልጅነት ወጥ በልቶ የኖረ!

ፎቶግራፍ አልልክም። ዘይቱን ገዝቻለሁ፣ ግን እሱንም አልልክም። ከመሪው አጠገብ ባለችው ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። የፈለገ መጥቶ ይውሰድ።

ትኬቱ እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ። ድርጅቱ ለሹፌር ቤተሰብ በዓመት አንድ ትኬት ይሰጣል። ስድስት ዓመት ሙሉ የእኔን የሚወስድ ሰው አልነበረም። "የመቀመጫ ቁጥር 1" ይላል፣ በማጉያ መነጽርዎ አድርገው ያንብቡት። መድኃኒት ቤቱ ስልክ ላይ ልደውልልዎና ላግባባዎ ብል ደግሞ "ለሰልፈኛው ሁሉ ጉዳዬን አላሰማም" ይላሉ። ስለዚህ በወረቀት እየጮህኩ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አውቶቡሱ አሥር ደቂቃ መዘግየቱን ማን ነገረዎ?

ባይመጡ ምን አደርጋለሁ። ያን ጊዜም ለምን ቀሩ ብዬ አልጠየቅሁም፣ አሁንም አልጠይቅም። ወንበሯን ግን ለማንም አልሰጣትም። ባዶዋን ትሄዳለች።

ችኩሌ

*

የካቲት 10 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ቁጣሽም ይብረድልሽ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ብዬ በልጅነትሽ ስንቴ መከርኩሽ? አሁን እንኳ ሳታጣሪ ተቆጣሽ።

ተጣርቶም ያው ነው እንግዲህ። እውነት ብለሻል፣ ጉልበቴ ደህና ነው። የፈራሁት አውቶቡሱን ነው። ስድሳ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው ይህን ሲጽፍ ጆሮው ድረስ ይሞቀዋል፣ ግን ተጻፈ፣ በቃ።

ታዲያ ምን አደረግሁ መሰለሽ? መለማመድ ጀመርኩ። በየቀኑ ከምሳ በኋላ መናኸሪያ እሄድና የቆመ አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ቀን አምስት ደቂቃ ቻልኩ። በማግስቱ አሥር። በሳምንቱ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩ፣ ላብም አላላበኝም። ጥበቃው "አባት፣ ወዴት ነው የሚሄዱት?" ሲለኝ "የትም" አልኩት። "እንግዲያው ደርሰዋል" ብሎኝ ሄደ።

ትናንት ግን ጉድ ፈላ። አንዱ ሹፌር መኖሬን ሳያይ ሞተሩን አስነሥቶ ከግቢ ወጣ! ነፍሴ ወጥታ ተመለሰች። ድምፅ ላሰማ ብል አፌ አልከፈት አለ። ነዳጅ ማደያው ጋ ሲቆም ዞር ብሎ አየኝና ከእኔ ብሶ ደነገጠ። እኔ ደግሞ ዓይኔን በጨው አጥቤ "እንዴ፣ ቶሎ ደረስን" አልኩት። አየሽ፣ ሰው አይሞትም ማለት ነው።

አንዳንድ ነገር አስረጂኝ። ሹፌር እየነዳ ማናገር ይፈቀዳል? ሰው ትከሻዬ ላይ ቢተኛብኝ ልቀስቅሰው ወይስ እንደ ነውር ይታያል? መውረድ ግድ ሲሆንብኝስ እንደ ተማሪ እጄን ነው የማወጣው?

ስለ አሥሩ ደቂቃ ሌላ ጊዜ እንጫወታለን።

እመጣለሁ። የካቲት 27 ሲነጋ እነሣለሁ። ጫማ ሰፊው "ለመንገድ ነው" ብሎ ጫማዬን ሶል ቀይሮልኛል፤ አውቶቡስ ውስጥ የምራመድ መስሎት።

አጎትሽ

*

የካቲት 19 ቀን

ለምወድዎ አጎቴ፣

ሺህ ዓመት ይኑሩልኝ! ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝና ረዳቴ "ምነው፣ ሎተሪ ደረሰሽ እንዴ?" እስኪለኝ ድረስ ጮህኩ። የነዳጅ ማደያውን ታሪክ ለመናኸሪያው ሹፌር ሁሉ አወራሁት፣ እንዳይቀየሙኝ። እስካሁን የሚስቅ አለ።

ለጥያቄዎችዎ መልስ። ሹፌር ማናገር ክልክል ነው፤ እኔን ግን ያናግሩኛል፣ እኔ ነኝ የማልመልስልዎ። ትከሻዎ ላይ የተኛውን ሰው ይተዉት፣ እሱም ነገ የሌላውን ይሸከማል። ለመውረድ እጅ ማውጣት አያስፈልግም፣ ለረዳቱ በጆሮው ይንገሩት። ከምሳ በፊት ብዙ ውሃ አይጠጡ። ኮትዎን ጣሪያ ላይ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር አያስሩት፣ ኮረብታው ላይ ይበርዳል።

ዋናውን ልረሳው ነበር! ድንበሩን ሲሻገሩ ሰዓትዎን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ያድርጉት። የእኛ ሰዓት ከእናንተ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ እናንተ ጋ አንድ ሰዓት ሲሆን እኛ ጋ ሁለት ነው። አውቶቡሴ የሚነሣው በእኛ ሁለት ሰዓት ነው። ሌላውን ምክሬን ሁሉ ቢረሱ ይህን አይርሱ። ደብዳቤ ስምንት ቀን ይፈጃል፣ ለጥቂት ይደርስልዎታል ብዬ አምናለሁ።

በሰላም ያምጣዎ።

ችኩሌ

*

የካቲት 28 ቀን፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ40
ከመናኸሪያው አዳራሽ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን አደርሽ? ይህን የምጽፍልሽ በመሃሉ ከተማ መናኸሪያ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነው። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ በኋላ በገዛ እጄ እሰጥሻለሁ። አሥራ አንድ ዓመት በወረቀት ስናወራ ኖረን ፊት ለፊት ስንተያይ አፌ ቢተሳሰር ወረቀቱ ይናገርልኝ ብዬ ነው። ለመጨረሻው ደብዳቤዬ መልስሽ አልደረሰኝም፣ ጥያቄዬን ሁሉ ራሴው በመንገድ ላይ መልሼዋለሁ።

ትናንት ሲነጋ ጫማ ሰፊው ሸኘኝ። ረዳቱን ክንዱን ይዞ "እንቁላል ነው ብለህ ጫንልኝ" አለው። መስኮት ጋ ተቀመጥኩ። አጠገቤ አንዲት ባልዲ ነጋዴ፣ ባልዲዎቿን እስከ አገጯ ድረስ ደርድራ ታቅፋለች። አውቶቡሱ ሲነሣ ዓይኔን ጨፈንኩና የፊት ወንበሩን ብረት ጨበጥኩ። ለካ ብዙ ቆይቻለሁ፣ "አባቴ፣ ይልቀቁት፣ ወንበሩ አይሸሽም" ብላ ሳቀችብኝ።

ዓይኔን ስገልጥ የመብራት እንጨቶች በመስኮቱ በኩል ያልፋሉ። ልማድ አይለቅም፣ ሰዓቴን አውጥቼ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ እንጨት፣ አራት ሰከንድ። ሌላ እንጨት፣ አራት ሰከንድ። ሰላሳ እንጨት ቆጠርኩ፣ አንዱም አልተዛነፈም። ልጄ፣ ያኔ ፍርሃቴ ጥሎኝ ጠፋ። በልክ የሚሄድ ነገር እኔ አልፈራም። ዳገት ላይ ስድስት ሰከንድ ሲሆን "ደከመው" እላለሁ፣ ቁልቁለት ላይ ሦስት ሲሆን "ኧረ ቀስ!" እላለሁ፤ ባልዲ ነጋዴዋ በየመሃሉ "ስንት ሆነ?" ትለኛለች።

ከዚያ ምን ሆነ መሰለሽ? ተኛሁ! የማላውቀው ሰው ትከሻ ላይ የተኛሁት እኔው ሆኜ አረፍኩ። ስነቃ ግንባሬ የባልዲ ክብ ታትሞበታል። በመስኮትም የተጣላሁት እኔ ነኝ፤ "ዝጉት" ያለኝን ሰው "ወንድሜ፣ ስድሳ ሦስት ዓመት ዝግ ሆኖብኝ ነው የኖረው" አልኩት። ሳቀና ተወኝ።

ምሳ ላይ ረዳቱ "ሃያ ደቂቃ" አለ። እንደ ዋዛ ነው የሚሉት ለካ። እኔ ግን ሰዓቴን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩና "አምስት ቀራችሁ! ሦስት!" እያልኩ ሕዝቡን ከነጉርሻው ሰበሰብኩት። በሃያኛው ደቂቃ ተነሣን። ሹፌሩ "በዕድሜዬ ይህን አላየሁም" ብሎኝ ጨበጠኝ።

ድንበሩ ላይ ባልዲ ነጋዴዋ ወረደችና ብቻዬን ቀረሁ። ኮረብታውን ስንወጣ ወደ ኋላ አየሁ። አንቺ በዚህ ሁሉ መንገድ ያለፍሽው በአሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ፣ ብቻሽን ነው። ማን "ይልቀቁት፣ አይሸሽም" አለሽ?

አሁን ደግሞ የምሥራች። ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት እዚህ አዳራሽ ስገባ የግድግዳው ሰዓት አንድ ሰዓት ከአራት ይላል! አንድ ሰዓት ከአራት ደቂቃ የሚቀድም ሰዓት፣ በሕዝብ መናኸሪያ! ደሜ ፈላ። ትኬት ቆራጩን ወንበር አስመጥቼ፣ ማጉያውን ዓይኔ ላይ ሰክቼ ወጣሁና ከፈትኩት። አቧራው ለብቻው ኪሎ ይሆናል። ጠራረግሁት፣ ወደ ትክክለኛው ሰዓት መለስኩት። አንድ ባለ ኮፍያ ሰውዬ "የእኔም እንደ ግድግዳው ነው የሚለው" ቢለኝ "ከምን አይተው ነው የሞሉት?" አልኩት። "ከግድግዳው" አለ። "እንግዲያው ከበሽተኛ ተጋብቶብዎት ነው" አልኩት። አመስግኖኝ ወደ ኋላ መለሰው። ትኬት ቆራጩም መለሰ። ሰው ሁሉ ተረጋግቶ ብስኩቱን እየበላ ነው። እኔ ባልደርስ ኖሮ በዚህ ጉድ ሰዓት አንድ ሰዓት አስቀድመው ባዶሽን ሊያስነሡሽ ነበር። ፈጣሪ ነው ያመጣኝ!

አትቸኩይ፣ ገና ነው።

አጎትሽ

*

የካቲት 30 ቀን፣ ጠዋት
በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ

አጎቴ፣

በጤና አደሩ? መኝታው ተመችዎት? ሲያንኮራፉ ሰምቻለሁ፣ እሱም በልክ ነው፣ አራት ሰከንድ።

ወደ መሃሉ ከተማ ልመለስ ነው፣ ነገ ማታ እገባለሁ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ስንስቅ ዋልን እንጂ ዋናውን አልነገርኩዎትም። ፊት ለፊት ያቅተኛል።

ሁለት ሰዓት ሲሞላ በሩን ከፍቼ፣ አዲሱን ሸሚዜን ለብሼ፣ መሪው ላይ ተቀምጬ ነበር። በመስታወቱ አንደኛዋን ወንበር አየኋት። ባዶ ናት። "ቀረ" አልኩ። "ዛሬም ቀረ።" ከዚያች ወንበር ሌላ ምንም አልታይ አለኝ። ረዳቴ ነው "ሌላውስ ሰው?" ያለኝ። ዞር ስል አርባ ዘጠኙም ወንበር ባዶ ነው! አገሩ በሙሉ አጎቴ ሆነ እንዴ አልኩ።

ሮጬ አዳራሽ ገባሁ። ያ ሁሉ ሕዝብ እግሩን ዘርግቶ ያወራል። እርስዎ ወንበር ላይ ቆመው፣ ማጉያው ዓይንዎ ላይ፣ ጆሮዎን ሰዓቱ ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ። አሥራ አንድ ዓመት ተለይቼዎት የመጀመሪያ ቃሌ "ይውረዱ!" ሆነ። የእርስዎ ደግሞ "አንቺ ልጅ፣ ገና አንድ ሰዓት ከአሥር ነው፣ ዛሬም ትቸኩያለሽ?" ስለ ጩኸቴ ይቅር ይበሉኝ። ስለ አንድ ሰዓቱ ስነግርዎት ፊትዎ እንዴት እንደሆነ እያሰብኩ እስካሁን አንዴ እስቃለሁ፣ አንዴ ያስለቅሰኛል። ሰዓቱ የቀደመው አራት ደቂቃ ብቻ ነበር። የቀረው የአገሩ ሰዓት ነው።

መንገድ ላይ "ጨምሪ፣ እናካክሰው" ሲሉኝ ያልጨመርኩት ተቀይሜ አይደለም። ፈርቼ ነበር። በኋላ እንጨት እየቆጠሩ "ልክ ነው፣ ልክ ነው" ሲሉ ከጀርባዬ ስሰማ ነው ፍርሃቱ የተወኝ።

ሃያ ሦስት ደቂቃ ዘግይተናል። ሪፖርቱ ዛሬ ለኃላፊው ይደርሳል። ምናልባት በመጀመሪያው ጉዞ ወድቄያለሁ፣ ምናልባት ተመልሼ ገበያና ሆስፒታል ነው። ይሁን። ዘይቱ መስኮቱ ላይ ነው። ምግብ ሸፍኜልዎታለሁ። የትም እንዳይሄዱ።

ችኩሌ

*

እዚያው ወረቀት ጀርባ ላይ

ልጄ፣ የትም እንዳልሄድ ብለሽ ነበር። ሄጃለሁ።

የድርጅቱን ቢሮ ሰው እየጠየቅሁ አገኘሁት። በከተማ አውቶቡስ ነው የሄድኩት፣ ቆሜ! ኃላፊሽ ወፍራም፣ ጢማም፣ የማይስቅ ሰው ነው። ሪፖርቱ ፊቱ ተቀምጧል። ገና አፌን ሳልከፍት "እርስዎ ማን ነዎት?" አለኝ። "የሹፌሯ አጎት" አልኩት። ወረቀቱን አዙሮ አሳየኝ። ትኬት ቆራጩ እንዲህ ብሎ ሞልቶታል፦ "የዘገየው፦ 23 ደቂቃ። ምክንያት፦ የሹፌሯ አጎት።"

እኔም አንድ በአንድ ነገርኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እሷ በሰዓቷ መሪው ላይ ነበረች፣ አርባ ዓመት ሰዓት ሠርቼ የአንድን አገር ሰዓት ያበላሸሁ የመጀመሪያው ሰው ነኝ አልኩት። መጀመሪያ ጢሙ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ በሳቅ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ጸሐፊዋ የሞተ መስሏት ገባች። ሲረጋጋ "ከመቅረት መዘግየት ይሻላል ይባላል፤ ይህ ጉዞ አይቆጠርባትም፣ በሌላ ትደግመዋለች" አለ። ደግሞ በየመናኸሪያው ያሉትን አራት ሰዓቶች በዓመት አንድ ጊዜ እየመጣሁ እንድጠግን ጠየቀኝ። "በእሷ አውቶቡስ ከሆነ" አልኩት።

ምግቡን በልቻለሁ። ወጥሽ ተሻሽሏል።

*

መጋቢት 14 ቀን

ይድረስ ለልጄ፣

በደህና ገባሁ፣ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጫማ ሰፊው ሶሉን ገልብጦ አየና "ምንም አልተራመድክም" ብሎ ተቀየመኝ።

ከበሩ ሥር የየካቲት 19 ደብዳቤሽን አገኘሁት። ከሄድኩ በሁለተኛው ቀን ነው የደረሰው። "ይህን አይርሱ" ብለሽ አስምረሽበታል። አነበብኩትና ቁጭ አልኩ። አስቢው እስቲ፣ ሰው ሁሉ ሰዓት የሚጠይቀኝ ሰው፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንቺ ጋ ስንት ሰዓት እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቅሁሽም። አሁን ከመደርደሪያው አንዱን ሰዓት ወደ አንቺ አዙሬዋለሁ። ደንበኛ ሲገባ "ይህኛው ተበላሽቷል" ይለኛል። "አልተበላሸም፣ ልጄ ጋ ነው" እለዋለሁ።

የአሥሩን ደቂቃ ነገር ደብቄሽ ኖሬያለሁ። እንኪ፣ ይኸው።

ያን ቀን አልቀረሁም። መጥቼ ነበር። ከመናኸሪያው አጥር ውጭ፣ ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ ቆሜ ነበር። ፊቴ እንባ በእንባ ሆኖ ነበር፤ እንዲያ ሆኜ ብታይኝ ትቀሪ ነበር። እንድትቀሪ ደግሞ በጣም ፈልጌ ነበር። ስለዚህ አልገባሁም። አውቶቡሱ ሰዓቱ ደርሶ አልነሣ አለ። ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩ፤ አንድ ደቂቃ፣ ሦስት፣ ስድስት። ያን ሹፌር ያልረገምኩት እርግማን የለም። "ሂድልኝ፣ ልቤ ሳይለወጥ ሂድልኝ" እላለሁ። በአሥረኛው ደቂቃ ሄደ። አውቶቡስ ሰዓት አያከብርም ስል የኖርኩት ለዚህ ነው። ይቅር በይኝ።

ሦስተኛው ጉዞ እንዴት ሆነ? ቶሎ ጻፊልኝ።

አጎትሽ

*

መጋቢት 25 ቀን

ለምወድዎ፣ ለምሳሳልዎ አጎቴ፣

አለፍኩ! ሦስቱንም በሰዓታቸው አስነሣሁ። ኃላፊው ወረቀቱን ሲፈርምልኝ "አጎትሽ እንዴት ናቸው?" ብሎ ጢሙ እንደገና ተንቀጠቀጠ። የመሃሉ ከተማ ሰዓት ደግሞ እርስዎ ከነኩት ወዲህ ሰከንድ አልሳተም። ትኬት ቆራጩ ማንንም አያስጠጋውም።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት መናኸሪያ ውስጥ፣ ሰው እየተሳፈረ ነው። ረዳቴ "ምን ሆንሽ?" ቢለኝ "አቧራ" አልኩት።

አጎቴ፣ እርግማንዎን ያንሱለት። ያ ሹፌር ደግ ሽማግሌ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። እኔ ነኝ ከአንደኛዋ ወንበር ተነሥቼ ትከሻውን የያዝኩት። "አጎቴ ይመጣሉ፣ እሳቸው ዘግይተው አያውቁም፣ ትንሽ ብቻ ይጠብቋቸው" አልኩት። አምስት ደቂቃ ጠበቀ። ሌላ አምስት ለመንኩት፤ ተሳፋሪው እየጮኸበት ጠበቀ። በመጨረሻ "ልጄ፣ እኔም ሰዓት አለብኝ" ብሎኝ ነው የተነሣው። የሚረግሙት አሥር ደቂቃ የእርስዎ ነበር። እሱ መሪውን ይዞ፣ እኔ መስኮቱን ይዤ፣ እርስዎን ስንጠብቅ ነው።

አሁን መሪው እኔ ጋ ነው። በሚመጣው ዓመት ሰዓቶቹን ሊያዩ ሲመጡ አንደኛዋ ወንበር አለች። ድንበሩ ላይ ሰዓትዎን አንድ ሰዓት ያስቀድሙ። ደግሞ ከአጥር ውጭ እንዳይቆሙ። እያለቀሱም ቢሆን ይግቡ።

የእርስዎው ችኩሌ